ደረቅ ቅባት አየር ይመርጣል

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1991 የናሳ መሐንዲሶች ወደ ጁፒተር በመጓዝ ላይ ለነበረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ዋና አንቴናዋን እንድትዘረጋ ትእዛዝ ላኩ። አንቴናው 18 ዘንጎች ነበሩት። ሞተሮቹ ቢገፉም ጥቂቶቹ ዘንጎች ከመሐል ምሰሶው አንላቀቅ አሉ፤ አንቴናውም አንድ ጎኑ ተጣሞ በከፊል ተከፍቶ ቀረ። በሰከንድ 134,000 ቢት መላክ የነበረባት መንኮራኩር መረጃዋን በትንሿ አንቴና ለመላክ ተገደደች፤ ያ መንገድ ከብዙ ማሻሻያ በኋላ እንኳ በሰከንድ ከ160 ቢት ብዙም አላለፈም።

ዘንጎቹን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ ፒኖች በሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ደረቅ ቅባት ተለብጠው ነበር። በ1986 የቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ከነሠራተኞቿ ከጠፋችበት አደጋ በኋላ ጉዞው ስለተራዘመ መንኮራኩሯ ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ፣ ከፍሎሪዳ መልሳ ወደ ካሊፎርኒያ፣ እንደገናም ወደ ፍሎሪዳ በጭነት መኪና ተመላልሳለች። መርማሪዎቹ ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ያሉት ምክንያት፣ በመንገዱ ንዝረት ፒኖቹ ከማረፊያቸው ጋር እየተፋተጉ ልባጡ አለቀ፣ ጠፈር ላይ ደግሞ ባዶ ብረት ከባዶ ብረት ጋር ተያያዘ የሚል ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ቅባቱ ያለቀበት ቦታ ነው። አየር በሌለበት እንዲሠራ የተመረጠ ቁስ እዚሁ ምድር ላይ፣ አየር ውስጥ፣ አንድም ቀን ሥራውን ሳይጀምር ተበላ።

የቁሱን አሠራር ለመረዳት ወደ አቶሞቹ መውረድ ያስፈልጋል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የንብርብሮች ክምችት ነው፤ አንዱ ንብር 0.6 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ውፍረት ያለው ሆኖ በሁለት የሰልፈር ረድፎች መካከል የገባ የሞሊብዲነም ረድፍ ይዟል። በንብሩ ውስጥ ያለው ትስስር ጠንካራ ነው፤ በንብርና በንብር መካከል ያለው ግን ደካማ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲገፋ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ከካርቦን ብቻ የተሠራው የእርሳስ ግራፋይትም እንዲሁ ነው፤ ንብሮቹ በ0.335 ናኖሜትር ይራራቃሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ በእኔ እይታ ግን ይህ ገና የነገሩ ግማሽ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከፍ ብለው በሚበሩ አውሮፕላኖች ጄኔሬተር ውስጥ ያሉ የካርቦን ብሩሾች (ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር እየተፋተጉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ የግራፋይት ቁራጮች)፣ መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ የነበሩት፣ በሰዓታት ውስጥ ወደ ዱቄትነት ይለወጡ ጀመር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ ሮበርት ሳቬጅ በ1948 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው የጎደለው ነገር የውሃ እንፋሎት ነበር። ግራፋይት ሲፋተግ ንብሮቹ ይሰበራሉ፤ በተሰበረው ጠርዝ ላይ ያሉት የካርቦን አቶሞች የሚይዙትን ይፈልጋሉ፤ የውሃ ሞለኪውል ካገኙ በእሱ ይረካሉ፣ ካላገኙ ግን ፊት ለፊታቸው ያለውን ንብር ወይም ብረት ይይዛሉ። ስለዚህ ግራፋይት በራሱ አንሸራታች ነው ማለት እርጥበት ባለበት አየር ብቻ የሚሠራ አባባል ነው።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አየር በሌለበት የሰበቃ ኮፊሸንቱ (ፍትጊያው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካ ቁጥር፤ ሲያንስ መንሸራተቱ ይቀላል) ከ0.05 በታች ሊወርድ ይችላል፤ እርጥበት ባለው አየር ግን ወደ 0.15 እና ከዚያም በላይ ይወጣል፣ ልባጡም ቶሎ ይበላል። ውሃው ከንብሮቹ ጠርዝ ጋር ይጣበቃል፣ ኦክስጅኑ ሰልፈሩን እየተካ ጠንካራ ኦክሳይድ ይሠራል። ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው ኦክሳይድ የመሆን ሂደት ይፋጠናል። የጋሊሊዮን ፒኖች ያየ ሰው ይህን ልዩነት በቁጥር ብቻ አያስታውሰውም።

ንብሮቹ የሚቀመጡበት አቅጣጫም ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት የእንቁላል መያዣ ትሪዎች አንዱ በሌላው ላይ ልክ ሲገጥም ይቆለፋሉ፤ የላይኛው በጥቂቱ ከዞረ ግን ጎድጓዳው ከጎድጓዳ አይገናኝምና በቀላሉ ይንሸራተታል። በ2004 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዲት የግራፋይት ቅንጣት በግራፋይት ላይ እየጎተቱ ሲያዞሯት ሰበቃው በየ60 ዲግሪው ከፍ እያለ በመካከሉ ሊጠፋ እስኪቀርብ ወርዷል። በ2015 ደግሞ የአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ቡድን የግራፊን (የአንድ ንብር ግራፋይት) ቁራጮች በናኖ አልማዞች ዙሪያ እንዲጠቀለሉ አድርጎ፣ አልማዝ መሰል ካርቦን በለበሰ ኳስ ሥር 0.004 የሆነ ኮፊሸንት አገኘ። ውጤቱ በዓይን በሚታይ መጠን የተገኘ በመሆኑ ዜናው ብዙ ተወራ፤ ሙከራው የተደረገው በደረቅ ጋዝ መሆኑና በእርጥበት ውስጥ ጥቅሉ እንደማይሠራ ግን እምብዛም አልተወራም።

ከቡድኑ አባላት አንዱ አሊ ኤርደሚር በ2017 ከኬኔት ሆልምበርግ ጋር ባሳተመው ግምት፣ ዓለም ከምትጠቀምበት ኃይል 23 በመቶ ያህሉ ከሚፋተጉ አካላት ጋር የተያያዘ ነው፤ 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 በመቶው ደግሞ የተበሉ ክፍሎችን እንደገና ለመሥራት ይውላል። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ቦታ ሻጭ አይጠፋም፤ «ናኖ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የሞተር ዘይት ተጨማሪዎች የበዙትም ለዚህ ይመስለኛል። የኔ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሙከራው በምን ዓይነት አየር፣ በስንት ሙቀት፣ ከየትኛው ዘይት ጋር ተደረገ? ደቃቅ ቅንጣቶች ዘይት ውስጥ ተያይዘው መዝቀጥ ይወዳሉ፤ በላቦራቶሪ ተንሳፍፎ የታየ ቅንጣት ወራት መደርደሪያ ላይ ከቆየ ጠርሙስ ግርጌ ሊገኝ ይችላል።

ቁም ነገር የሌለው ግን አይደለም። በብዙ የሞተር ዘይቶች ውስጥ የሚጨመረው ሞሊብዲነም ዳይታዮካርባሜት በዘይቱ የሚሟሟ በመሆኑ አይዘቅጥም፤ ሁለት ብረቶች በሙቀትና በጫና በሚፋተጉበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ብቻ ተሰባብሮ በቦታው ጥቂት ንብር ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ይሠራል። ንብሩ ሲጠረግ ዘይቱ ውስጥ የቀረው ይተካዋል። በእኔ ሚዛን ከጥቅልሉ ግራፊን ይልቅ ብልሃት ያለው ይህ ነው። በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ረሼፍ ቴኔና ባልደረቦቹ በ1992 ያስተዋወቋቸው፣ ንብሮቻቸው ተዘግተው ጠርዝ አልባ የሆኑ የተንግስተን ዳይሰልፋይድ (በሞሊብዲነም ፋንታ ተንግስተን ያለበት ተመሳሳይ ቁስ) ቅንጣቶችም የሚጠቃ ጠርዝ ስለሌላቸው የኦክሳይድን ችግር ከሥሩ ለመፍታት የሞከሩ ናቸው።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ጥቁር ግራሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የያዘው ለኤክስካቫተር ባልዲ ፒኖችና ቀስ ብለው ከባድ ጭነት ለሚሸከሙ መገጣጠሚያዎች ተስማሚ ነው፤ ዘይቱ ከመካከል ተገፍቶ ሲወጣ ንብሮቹ ብረቱን ይለያሉና። በከፍተኛ ፍጥነት ለሚሽከረከር ኩሽኔታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ ኳሶቹ መንከባለላቸውን ትተው ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ስለዚህ ግራሶ ሲገዛ ከቀለሙ ይልቅ የማሽኑ መመሪያ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ማየት ይሻላል።