ልጄ ሀ ሁን በዜማ ያወርድ ነበር እንጂ አያነብም ነበር

የመጀመሪያ ልጄ በ4 ዓመቱ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ያወርድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ሀ ሁ በል» እለዋለሁ። ጣቱን ገበታው ላይ እያንሸራተተ 231ዱንም ይወጣቸዋል፤ ይጨበጨብለታል። ጣቱ አንድ ረድፍ ቀድሞ አፉ ወደ ኋላ መቅረቱን ማንም አላስተዋለም፣ እኔም ጭምር።

የድሮ የኔታዎች ሀ ሁ ካስቆጠሩ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ የሚያስቆጥሩት ወደው አይደለም። ፊደሉ ቦታ ሲቀይር በዜማ የሸመደደ ልጅ ይጋለጣል። ያኔ ከመሃል አንዷን «ቡ» ነጥዬ ብጠይቀው ኖሮ ብዙ ነገር በቀረልኝ።

ምልክቱ ከዚያም በፊት ነበር። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። «መኪና»ን «መኒካ» ይላል፣ ትናንትና ነገ ይምታቱበታል፣ የቀናቱን ስም በተርታ መጥራት አይሆንለትም። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ተደራርበው ሲቆዩ ግን ዝም አይባልም። እኛ ሳቅንበት።

2ኛ ክፍል ሲገባ ሳቁ ቀረ። «ቡና»ን «ቢና» ብሎ ያነባል። ሥዕሉ ላይ ዶሮ ካየ፣ የተጻፈው «እንቁላል» ቢሆንም «ዶሮ» ይላል። በቃል የሒሳብ ጥያቄ ስሰጠው ግን ከእኔ ይቀድማል። መምህርቷን ብጠይቃት «ወንዶች ይዘገያሉ፣ ይደርሳል» አለችኝ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ባለበት የእኔ ልጅ ማን ዓይን ውስጥ ይገባል? እኔም «ይደርሳል»ን አምኜ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ስትጨነቁ «ይደርሳል» የሚላችሁን፣ አስተማሪም ይሁን ዘመድ፣ አትስሙ።

መነጽር ገዛንለት፤ ችግሩ ከዓይን ሳይሆን ድምፅን ከፊደል ጋር ከማገናኘቱ ላይ ነበርና ገንዘቡ ባከነ። ጸበልም ወሰድነው። ጸበሉን አልቃወምም፣ ንባቡ ግን አልመጣም።

አንድ ምሽት ቃለ ጽሕፈት ሳጽፈው አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት አድርጎ ጻፈው። እጁን በማስመሪያ መታሁት። «እማዬ፣ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ እኮ፣ ሲሰለፉ ነው የሚጠፉብኝ» አለኝ። በማግስቱ ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ።

ምርመራው ቀላል ነበር። ዲስሌክሲያ ተባለ፣ ማለትም ከብልህነት ማነስ ያልመጣ፣ ፊደልን ከድምፅ አገናኝቶ የማንበብና የመጻፍ ችግር፤ ወረቀት ተሰጠን። ልጁ 10 ዓመቱ ነበር።

ከባዱ ወረቀቱን ይዞ ትምህርት ቤት መሄዱ ነው። ዳይሬክተሩ ከላይ እስከ ታች አየውና «ታዲያ ልጁ አእምሮው ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። የለመንኩት ሦስት ነገር ነው፦ የፈተና ጥያቄ ይነበብለት፣ ትንሽ ሰዓት ይጨመርለት፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዲያነብ አይገደድ። «ለአንድ ልጅ ብለን ሕግ አንቀይርም፤ ከፈለግሽ ልዩ ፍላጎት ክፍል ወዳለበት ውሰጂው» አለ። ስልኩ ጮኸ፤ እያወራ በእጁ የመውጫውን በር አሳየኝ። እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ «እሺ» ነው። የወረቀቱን ቅጂ በደብዳቤ አስገብቼ፣ መልሱን በጽሑፍ ስጠኝ ማለት ነበረብኝ። በቃል የሄደ በቃል ይመለሳል።

ያዳነችን የአማርኛ መምህርቷ ናት። ማንንም ሳታስፈቅድ በእረፍት ሰዓት ፈተናውን በቃል ጠየቀችው። በጽሑፍ ከ20 4 ያገኘው ልጅ 17 አመጣ።

ቤት ውስጥ የሠራልን ሰፌድ ላይ ዱቄት በትኖ ድምፁን እያሰሙ በጣት መጻፍ ነው፣ በቀን 15 ደቂቃ። «50 ጊዜ ገልብጥ» የሚለው የቤት ሥራ ጥላቻ እንጂ ንባብ አላመጣልንም፤ ስለዚህ አስቀረሁት፣ ደብተሩ ላይም ፈርሜ ላክሁ። አሁን 13 ዓመቱ ነው፣ ቀስ ብሎ ያነባል። ግን የማንበብ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። በዚህ ዕድሜ ምልክቱ መሳሳት ብቻ ሳይሆን መሸሽም ነው።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። በምርመራው ዕለት «ከቤተሰብ ማንበብ የሚያስቸግረው አለ?» ሲሉን ፈጥኜ የለም አልኩ። ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ «እኔ አለሁ» አለኝ። በ14 ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን ጽፎልኝ አያውቅም፣ የሚልክልኝ ድምፅ ነው። ባንክ ስንሄድ «መነጽሬን ረሳሁ» ብሎ ቅጹን እኔ እሞላለሁ። መነጽር እኮ የለውም።

ትንሿ ልጃችን አሁን 4 ዓመቷ ነው። ሀ ሁ በይ አላልኳትም። ትናንት ማታ «ብርድ ልብስ»ን «ልብርድ ብስ» አለችው። በዚህ ዕድሜ የማይሳሳት የለም። አልሳቅሁም፤ ከነቀኑ ጽፌ አስቀመጥኩት።