ስምንቱ ስሞች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ኦሃዮ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ላከችልኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ነጭ ልብስ ለብሳ፣ የሽቦ ጭምብል አጥልቃ፣ ከጀርባዋ ገመድ ተቀጥሎላት ሴበር ትጋጠማለች። ሴበር ማለት ፌንሲንግ በሚባለው የጎራዴ ስፖርት በስለቱም በጫፉም የሚመታበት ጎራዴ ነው። ሁለቱ ልጆች ተንደርድረው ተገናኙና ሁለት መብራት እኩል በራ። ዳኛው ነጥቡን ለተጋጣሚዋ ሰጠ። ከቪዲዮው ሥር «ጋሼ፣ ሁለታችንም ነካን፤ ለምን ለእሷ?» ብላ ጽፋለች።

መልሱ አጭር ነው። በሴበር ሁለቱም ከተነካኩ ነጥቡ ጥቃቱን ቀድሞ ለጀመረው ነው። ሌላው መጀመሪያ መመከት፣ ከዚያ መምታት አለበት። ይህንን ጻፍኩላትና ስልኩን አስቀመጥኩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤ አርባ ዓመት ወደ ኋላ፣ ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት ገባሁ።

በ1976 ዓ.ም. ነው ለትምህርት የሄድኩት። የውሃ ምህንድስና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ክረምት ብርዱም ቋንቋውም አስጨንቆኝ ሳለ የክፍል ጓደኛዬ አንድ ማታ የጎራዴ ልምምድ ወደሚደረግበት አዳራሽ ወሰደኝ። የላብ፣ የቆዳና የወለል ሰም ሽታ ነበረው። እኔ ጎራዴ የማውቀው አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ ከሰገባው ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። እዚህ ሃያ ሰው በእጁ ይዞታል፤ ከመካከላቸው ከእኔ ዕድሜ ያነሱ ሴት ልጆች አሉ።

አሰልጣኙ ከሰባ የዘለሉ፣ አጠር ያሉ፣ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ የቀና ሽማግሌ ነበሩ። የጎራዴ አስተማሪ እዚያ አገር በስሙ አይጠራም፤ «ሜሽቴር» ይባላል፣ የእጅ ሥራ አዋቂን እንደምንጠራበት አክብሮት። እሳቸው ደግሞ እኔን በአባቴ ስም ጠሩኝ። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ መዝገቡ ላይ የአባቴን ስም ፊት አድርገው ጽፈውት ነበር። ላርማቸው አሰብኩና ተውኩት። በዚያ አዳራሽ ለአራት ዓመት የአባቴን ስም መስማት ናፍቆቴን አስታግሶልኛል።

ያን ጊዜ ለሴበር መብራት አልነበረም። ኤፔ የሚባለው በጫፍ ብቻ የሚወጋው ሰይፍ ከ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይዳኝ ነበር። ሴበር ግን በኦሊምፒክ እስከ 1992፣ እስከ ባርሴሎና ድረስ፣ በዓይን ነው የተዳኘው። አንድ ዋና ዳኛ፣ አራት የጎን ዳኞች። ሁለቱ ካንተ ኋላ ሆነው የተጋጣሚህን አካል ያያሉ፤ ሁለቱ ከእሱ ኋላ ሆነው ያንተን ያያሉ። ዋናው ዳኛ «ራይታ!» ሲል ትጀምራለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር አምስቱ ሰዎች በድምፅ ይወስናሉ። ሜሽቴር እኛን ተራ በተራ የጎን ዳኛ ያደርጉን ነበር፤ ማየት ያልቻለ መምታትም አይችልም ብለው ያምናሉ። የተነካው ሰው ራሱ እጁን አንስቶ «ተነክቻለሁ» ሲል ደግሞ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ማሟሟቂያው ላይ ጎንበስ ብለን እግር እየዘረጋን አዳራሹን ስንዞር ስምንት ስም ይቆጥሩልናል። በአንድ ስም አንድ ዙር። ፉክስ። ቤኬሺ። ሜሳሮሽ። ሼንከር። ናዲ። ቶት። ቬርክነር። ፎልዴሽ። እኔ ዳዊት የደገምኩ ልጅ ነኝ፤ በዜማ የሚባል ነገር ቶሎ ይገባኛል። ትርጉሙን ሳላውቅ በሳምንቱ ስሞቹን በቃሌ ያዝኳቸው። ከወር በኋላ ነው ማን እንደሆኑ የጠየቅኩት።

በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ የሴበር ፍጻሜ የደረሱት ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ሜሽቴር የሚቆጥሯቸውም በአሸናፊነት ተራቸው ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ሃንጋሪያውያን። በመሃላቸው አምስተኛ የወጣው ብቸኛው እንግዳ ኔዶ ናዲ ነው፤ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቢሆንም ፎይል በሚባለው ሌላኛው የፌንሲንግ ጎራዴ ወርቁን ወስዶ ነበር የመጣው። ይኸው ናዲ በ1920 አንትወርፕ ላይ በአንድ ኦሊምፒክ አምስት ወርቅ ሰብስቧል። በስቶክሆልም ግን ሰባት ሃንጋሪዎች ተራ በተራ ይጠብቁት ነበር።

አንደኛው ፉክስ የኖ። «የኖ» የሚለው ስም በእነሱ አፍ ሲነገር ለእኛ ጆሮ «የኔ» ከሚለው ቃል ብዙም አይርቅም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከሁሉ ቀድሞ የወደድኩት። የሕግ ዶክተር ነበር። በ1908 ለንደን ላይ በፍጻሜው ከአገሩ ልጅ ከዙላቭስኪ ቤላ ጋር እኩል ወጣ፤ እንደገና ተጋጥመው አሸነፈው። የቡድኑንም ወርቅ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ስቶክሆልም ላይ ሁለቱንም ደገመ። አራት ጊዜ ገብቶ አራት ጊዜ ወርቅ። ዙላቭስኪ በ1914፣ ቤኬሺ በ1916 በጦርነቱ ሞቱ። በ1920 ሃንጋሪ ከተሸነፉት አገሮች አንዷ በመሆኗ ኦሊምፒኩ ላይ አልተጠራችም። ያንን አንድ ኦሊምፒክ ስትተው ከ1908 እስከ 1964 በግል ሴበር ወርቁን የወሰደው ሁልጊዜ ሃንጋሪያዊ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ከበደኝ። አንድ ማታ ጭምብሌን እያወለቅኩ በተሰበረ ሃንጋሪኛዬ፣ ይህ ጎራዴ የእናንተ ደም ነው፣ የፈረሰኛ አያቶቻችሁ ነው፤ እኔ የውጭ ሰው ምን አገባኝ አልኳቸው። ሜሽቴር ተቆጡ። ቁጭ አሉና ሌላኛውን ታሪክ ነገሩኝ፤ እኔም ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነው።

«የሃንጋሪ ጎራዴ» የሚባለውን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ጣልያናዊ ነበር። ኢታሎ ሳንቴሊ በ1896 ቡዳፔስት መጣ፤ እዚያው ትዳር ይዞ፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ ቀረ። ራሱ በ1900 ፓሪስ ኦሊምፒክ ለጎራዴ መምህራን በተለየው የሴበር ውድድር ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። በድሮው የጦር ሜዳ ጎራዴ ክንድ ከክርን ይወረወራል። በአዲሱ ቀላል ሴበር ግን የእጅ አንጓና ጣት ይሠራሉ፤ እግር ይፈጥናል፤ ምከታውና መልስ ምቱ አንድ እስትንፋስ ይሆናል። ሳንቴሊ፣ ከሃንጋሪ በኩል ደግሞ የወታደር ቤት መምህሩ ላስሎ ቦርሾዲ፣ ይህንን ለአንድ ትውልድ አስተማሩ። ሜሽቴር ጣቶቼን እየጨበጡ፣ ወፍ እንደያዝክ ያዘው፤ እንዳትገድላት፣ እንዳታመልጥህም ይሉኝ ነበር።

ሳንቴሊ በአገሩና ባሳደገው አገር መካከል የተያዘበትም ቀን አለ። በ1924 ፓሪስ ላይ አንድ ጣልያናዊ ተጋጣሚ ሃንጋሪያዊውን ዳኛ ሰደበ ተባለ፤ ስድቡ በጣልያንኛ ስለነበር ሳንቴሊ የሰማውን እንዲመሰክር ተጠየቀ። መሰከረ። ጣልያኖቹ ውድድሩን ጥለው ወጡ። አዶልፎ ኮትሮኔይ የሚባል የጣልያን ጋዜጠኛም ስሙን ስላጠፋው ነገሩ እስከ እውነተኛ ጎራዴ ፍልሚያ ደረሰ። ሳንቴሊ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነበር። ልጁ ጆርጆ «በአባቴ ፈንታ እኔ» ብሎ ገባ፤ ጋዜጠኛውን ጭንቅላቱ ላይ አቁስሎ ፍልሚያውን ጨረሰ። ያ ጆርጆ በ1920 ለጣልያን ቡድን በሴበር ወርቅ ያመጣ ልጅ ነው። ኋላ ኒውዮርክ ገብቶ የአሜሪካን ልጆች አስተማረ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የማን ነው እሱ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት፤ መልስ ግን አልሰጠኋትም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። በ1908 ለንደን ላይ ወርቅ ያመጣው የሃንጋሪ የሴበር ቡድን አምስት ሰው ነበር፦ ፉክስ፣ ጌርዴ፣ ፎልዴሽ፣ ቬርክነር፣ ቶት። ከአምስቱ አራቱ አይሁዶች ናቸው፤ ከቶት በስተቀር ሁሉም። ሕዝቡ የእኔ የሚለውን፣ ከሁሉ በላይ ሃንጋሪያዊ የሚለውን ነገር ወደ ዓለም ይዘው የወጡት እነሱ ናቸው። ሜሽቴር ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዓመቱ 1984 ነበር፤ ያም ሆኖ ዝቅ አደረጉ።

ኦስካር ጌርዴ፣ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት፣ በ1944 ማውትሃውዘን በሚባለው የናዚ ካምፕ ሞተ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከእሱ በኋላ ከመጣው ትውልድ አቲላ ፔቻወር አለ፤ በ1928 አምስተርዳም ላይ የቡድን ወርቅና የግል ብር ያገኘ። በግዳጅ ሥራ ወደ ዩክሬን ተወስዶ በጥር 1943 ዳቪዶቭካ በሚባል ቦታ ሕይወቱ አለፈ። በዚያው በአምስተርዳም የቡድን ወርቅ ያገኘው ያኖሽ ጋራይም በ1945 ማውትሃውዘን ላይ ሞተ።

ካቦሽ እንድሬን ግን በቃል ብቻ አልነገሩኝም።

ከልምምድ ስመለስ ቁጥር 6 ትራም ነበር የምይዘው፤ ከፔሽት ወደ ቡዳ በማርጊት ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ መሃሉ ላይ ይታጠፋል፤ ከሥሩ ዳኑብ በደሴቲቱ ጫፍ ይከፈላል። አንድ የጥቅምት ማብቂያ ማታ ሜሽቴር አብረውኝ ተሳፈሩ፤ ከድልድዩ በፊት ክንዴን ይዘው አስወረዱኝ። ብርዱ ይጋረፋል። የብረት አጥሩ አጠገብ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ካቦሽ በ1932 ሎስ አንጀለስ የቡድን ወርቅና የግል ነሐስ አገኘ። በ1936 በርሊን ላይ፣ በዚያ ሁሉ የስዋስቲካ ባንዲራ መሃል፣ አይሁዳዊው ካቦሽ በግልም በቡድንም ወርቅ ወሰደ። ሜሽቴር ልጅ እግር ሆነው ልምምዱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ሲመታ ትከሻው ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ነበር አሉኝ። በ1944 እሱም የግዳጅ ሠራተኛ ተደረገ። በኅዳር 4 በአውሮፓዎቹ፣ በእኛ ጥቅምት 25፣ ጀርመኖች በድልድዩ ላይ የጠመዱት ፈንጂ በስህተት ፈነዳ። ትራሙም እግረኛውም ድልድዩ ላይ ነበር። ካቦሽ እዚያው ሞተ። በማግሥቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሞላው ነበር።

ሜሽቴር ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቀጣዩ ትራም እስኪመጣ ውሃውን እያየን ቆየን። እኔ ወንዝ ላጠና ነው የሄድኩት፤ የዳኑብን ፍሰት መጠን በደብተሬ እጽፍ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ በዚያ ድልድይ ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለች። መብራቱን ረስታው ሌላ ነገር ይዛ መጣች፤ እግር ዝርጋታው ያደክማታል፣ አሰልጣኟ ብዙ ዙር ያዛሉ። ስምንቱን ስሞች አስተማርኳት። በስልክ እኔ እላለሁ፣ እሷ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ እየተራመደች ትደግማለች። እህቴ ከወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። «ቬርክነር» ላይ ትሳሳታለች፤ «ናዲ» ይቀላታል።

«ስምንተኛው ማን ነበር ጋሼ?»

«ፎልዴሽ። ፎልዴሽ ደዦ።»

«እሱስ ሞተ?»

የሚሽኮልትስ ተወላጅ፣ የለንደንም የስቶክሆልምም የቡድን ወርቅ ባለቤት፣ ሐኪም ነበር አልኳት። ከስቶክሆልም በኋላ ጎራዴውን ሰቅሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ለድሆች ክሊኒክ ከፈተ። በ1950 በሰላም ሞተ። የት መሰለሽ? እዚያው አንቺ ያለሽበት ስቴት፣ ክሊቭላንድ።

ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ በሚቀጥለው ወር ክሊቭላንድ ውድድር እንዳላት፣ እናቷ እንደምትነዳት ነገረችኝ፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል እንድጽፍላትም ለመነችኝ። ከጓንቷ ውስጠኛ ክፍል ላይ ልትጽፈው ነው።