ጫቱ ሌላ፣ እንክብሉ ሌላ

እስራኤል ውስጥ ጫት መቃም አይከለከልም። የየመን አይሁዶች ልማዱን ይዘውት መጡ፤ ሕጉም ቅጠሉን አልነካባቸውም። የተከለከለው ከቅጠሉ አንጥረው የሚያወጡት ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ለእኛ ሰው በአማርኛ ቁጭ ብሎ ያስረዳ አልነበረም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየኪዮስኩ፣ ከማስቲካውና ከሲጋራው ጎን፣ «ሃጊጋት» የሚባል እንክብል ይሸጥ ጀመር። ያኔ ሬሆቮት ከተማ ነበርኩ። አንድ ማለዳ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ማሸጊያውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ሌሊቱን ሲያስመልሰው፣ ራሱን ሲፈልጠው አድሯል።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። ጫት ነው ይለኛል። ጫትማ የመኖቹ በአደባባይ ይቅሙት የለም ወይ?»

ማሸጊያው ላይ ያለው ዕብራይስጥም የሚለው ያንኑ ነው፤ የተፈጥሮ ነው፣ ብርታት ይሰጣል። ልጁን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። የደም ግፊቱ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። 100 ግራም ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአማካይ 36 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንዱ እንክብል ግን 200 ሚሊግራም ይዟል፤ ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ቅጠል ማለት ነው። ቃሚ ያንን ሁሉ ለማላመጥ ቀኑ አይበቃውም፤ ጉንጩም ይደክመዋል። እንክብሉን ግን በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጡታል። ሃይፋ ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል ሐኪሞች በ10 ወር ውስጥ 34 ታማሚዎችን መዝግበው ያሳተሙት ጥናት አለ። ልባቸው ደም ያጠረው፣ ሳንባቸው ውሃ የቋጠረ፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ነበሩባቸው።

ሃጊጋት በ2004 ታገደ። ኪዮስኩ ግን ባዶ አልዋለም። የካቲኖን ዘመድ የሆነው ሜፌድሮን ተተካ። ይሄ ከቅጠል ጋር ምንም አያገናኘውም፤ በ1929 በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። እስራኤል እሱንም በ2007 መጨረሻ ከለከለችው፤ እንግሊዝ ለመከልከል እስከ ሚያዝያ 2010 ቆየች። ከዚያ ደግሞ «ናይስ ጋይ» መጣ፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የተረጨ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው፣ ይጨሳል። ከእኛ ሰፈር ልጆችም ስንቱን አነሆለለ! አንዱ ኬሚካል በስሙ ሲታገድ ሠሪዎቹ ጥቂት ለውጠው ሌላ ያወጣሉ፤ እስኪታገድ ድረስ ያው «ሕጋዊ» ነው።

በ2013 የወጣው ሕግ ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበ ነው። ንጥረ ነገሩ በአደገኛ ዕፅ ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም የጤና ሚኒስቴር ለጊዜው ሊያግደው፣ ፖሊስም ወስዶ ሊያስወግደው ይችላል። እኔ በበኩሌ ይህ ሕግ አሥር ዓመት ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ እላለሁ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ኪስ ውስጥ የማታውቁት ማሸጊያ ካገኛችሁ በንዴት አትጣሉት። ልጁ ከታመመ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደወሰደ ነው። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕብራይስጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ።