የፍራንክ ዛይድለር ወረቀቶች

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ከ1948 እስከ 1960 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋን ሚልዋኪ በከንቲባነት ስለመሩት ሶሻሊስት፣ ስለ ፍራንክ ዛይድለር ነው። ሶሻሊዝምን በደርግ አዋጅና በቀበሌ ስብሰባ ላወቅን ሰዎች፣ ሦስት ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው፣ ለአራተኛ ጊዜ ሳይወዳደሩ ሥልጣናቸውን በሰላም ያስረከቡ ሶሻሊስት መኖራቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

በከተማዋ የመጀመሪያው አልነበሩም። ኤሚል ሳይደል በ1910 ተመርጠው ነበር፤ ዳንኤል ሆን ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ለ24 ዓመታት መርተዋታል። ሆንን በ1940 ያሸነፏቸው የፍራንክ ታላቅ ወንድም ካርል ሲሆኑ፣ እርሳቸው ሶሻሊስት አልነበሩም፤ ባሕር ኃይል ገብተው በ1942 ከነመርከባቸው ጠፍተው ቀሩ።

ብዙ ያቆየኝ የከተማዋ ወሰን ጉዳይ ነው። ዛይድለር፣ ፋብሪካውና ባለጠጋው ወደ ዳርቻ ከተሞች ከሸሹ ግብሩም አብሮ እንደሚሄድ፣ የድሃው ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ወጪም በመሀል ከተማው ላይ ብቻ እንደሚወድቅ ቀድመው ስለተረዱ፣ አጎራባች መሬቶችን ወደ ከተማዋ በመቀላቀል ስፋቷን ወደ እጥፍ አስጠጉት። ይሁን እንጂ በ1955 የወጣው የኦክ ክሪክ ሕግ አጎራባች ቀበሌዎች ራሳቸውን ችለው ከተማ እንዲሆኑ በር ከፈተ፤ ሚልዋኪም ዙሪያዋን ታጠረች። በእኔ እምነት ከድላቸው ሁሉ ይልቅ ይህ ሽንፈት ሊጠና ይገባዋል፤ የፈሩት ነገር ደርሷልና።

በ1956 ምርጫ ደግሞ፣ ጥቁሮች ወደ ሚልዋኪ እንዲመጡ የሚጋብዙ ማስታወቂያዎችን በደቡብ ግዛቶች አሰቅለዋል የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛባቸው። የከተማዋ ጥቁር ነዋሪ በ1950 ከነበረበት 22 ሺህ ገደማ በ1960 ከ62 ሺህ በላይ ሲደርስ፣ ፍርሃትን ድምፅ መሰብሰቢያ ማድረግ ቀላል ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ዘር እኩልነት የያዙትን አቋም ሳይለውጡ ተወዳድረው አሸነፉ። ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ፣ ነጮች ጎረቤቶቻቸው ከሰፈሩ ሲወጡ እርሳቸው በዚያው መጠነኛ ቤታቸው ውስጥ በ2006 እስኪሞቱ ድረስ ኖረዋል። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዘመናቸው ከተሠሩት የሕዝብ መኖሪያ ቤቶችም ከመንገዶቹም በላይ ልቤን የነካው ይኸው ነው።

ወረቀቶቻቸው በሚልዋኪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ እዚያው በስማቸው የተሰየመ የንባብ ክፍልም አለ። ባለሥልጣን ሲሰናበት ፋይሉን ወደ ቤቱ መውሰዱ ወይም ማቃጠሉ በብዙ አገር የተለመደ ስለሆነ፣ ማንኛውም ዜጋ የከንቲባውን ደብዳቤ ጠይቆ ማንበብ መቻሉ ለእኔ የአስተዳደራቸው አንድ ክፍል ነው። ዕድል ቀንቶኝ እዚያ ብደርስ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው የ1955ን እና የ1956ን ሳጥኖች ነው፤ በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል የከተማው ሰው ምን ብሎ እንደጻፈላቸው፣ እርሳቸውም ምን ብለው እንደመለሱለት ማየት እፈልጋለሁ።