ቁጥሩ ሞልቷል

ድሬዳዋ በግንቦት ማታም አትቀዘቅዝም። በማረሚያ ቤት ጥበቃ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነበር፣ የማታ ቆጠራው ደግሞ የእኔ ተራ። ያኔ ለእኔ ቆጠራ ማለት በር ላይ ቆሞ ጭንቅላት መቁጠር ነው። 42 ከሆኑ ፈርሞ መውጣት። በዚያ ወበቅ ውስጥ ገብቶ መቆየት ማን ይወዳል?

አንድ አባት ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ላብ በላብ ሆነዋል። ስማቸውን ስጠራ የማይገናኝ ነገር መለሱልኝ። ምላሳቸው ይተሳሰራል።

"አባባ፣ ዛሬ ከየት አግኝተው ቀማመሱ?" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ላቡንማ ማን ልብ ይላል? ድሬ ላይ የማያልበው የለም።

በሩን ልዘጋ ስል ካቦው፣ የክፍሉ እስረኞች አለቃ፣ ጮኸ። "አቦ ቆይ እስቲ! ሰውዬው ስኳር አለባቸው። መርፌውን ተወግተው እራት አልበሉም!"

ኢንሱሊን ተወግቶ ካልተበላ የደም ስኳር ይወርዳል። ሰው ይልበዋል፣ ይቀባዥራል፣ ላየው የሰከረ ይመስላል። ቶሎ ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እጃቸውን ስይዘው ግን በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል።

ካቦው ከሻይ ቆጥቦ በላስቲክ የቋጠረውን ስኳር በጠበጠ። መዋጥ አላቃታቸውም፣ ቀስ እያልን አጠጣናቸው። ነርሷ ደርሳ ጣታቸውን ወግታ ስትለካ ዓይናቸው እየጠራ ነበር። ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ከቤት ምሳቃ አልመጣልኝም?"

መጥቶ ነበር። ከሰዓት ልጃቸው አምጥታው፣ ልፈትሸው ብዬ ጠረጴዛ ሥር ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። እዚያው ረሳሁት። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ነው።

ሥልጠና ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ሸምድጄ ነበር፤ የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ ይያዝ ይላል። ፈተናውንም አልፌአለሁ።

ጠዋት ኃላፊዬ አልተቆጡኝም። መዝገቡን ገልጠው "42፣ ሙሉ" ያልኩበት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ሞተው ቢሆን ኖሮስ? ያው 42 ነበር የምትጽፈው፤ አይደል?"

መልስ አልነበረኝም።

አሁን ውስጥ ገብቼ፣ ፊት እያየሁ፣ አንድ ሁለት ቃል እያናገርኩ ነው የምቆጥረው። ካቦው ሰልችቶታል።

"አቦ፣ ቆጠራ ነው ወይስ ዘመድ ጥየቃ?"