ቀዩን ትቼ ዝገት የበላውን ግራጫ ትራክተር የገዛሁበት መንገድ

ለስብስቤ የመጀመሪያውን አሮጌ ትራክተር ስፈልግ ወራት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን 35፣ ቀለሙ ትናንት የተቀባ የሚመስል፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ሌላው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን ቲኢ20፣ ኮፋኖው እዚህም እዚያም የጎደጎደ፣ አንድ መብራቱ የተሰበረ፣ ሦስት ዓመት ሳይነሳ የቆመ።

ከነሱ በፊት ባለሁለት ሲሊንደር ጆን ዲር ቢ አይቼ ነበር። ድምፁን በጣም ነው የምወደው፣ ዱብ ዱብ እያለ ነው የሚሠራው። ግን ካርቡራተሩና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ተፈተው የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ቶሎ ተውኩት። የተበላሸ ዕቃ ይጠገናል፣ የጠፋ ዕቃ ግን ዓመት ሙሉ ያንከራትታል።

ሁለቱ ፈርጉሰኖች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቲኢ20 እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 እንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ ባነር ሌን በሚባለው ፋብሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ማረሻውን ከኋላ በሦስት ነጥብ ይዞ በሃይድሮሊክ የማንሳትን ዘዴ ለዓለም ገበሬ ያስለመደው በዋናነት እሱ ነው። 35ቱ የሱ ተከታይ ነው። ይህን ያህል ብዛት መመረታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ብርቅ ትራክተር ያምራል፣ ግን የብርቅ ትራክተር መለዋወጫውም ብርቅ ነው።

መጀመሪያ ቀዩን ላይ ሄድኩ። ለሻጩ አስቀድሜ ደውዬ "እባክህ እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው" ብዬው ነበር። እሺ አለኝ። ደርሼ ሰላም እንደተባባልን እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ለብ ብሏል። እሱ ወዲያው ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ባንዴ ተነሳ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ ይወሰድ ነበር።

ግን ናፍታ ወደየሲሊንደሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ቆጠርኩ። አራት ናቸው። ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። የ35 የመጀመሪያው የናፍታ ሞተር ባለአራት ሲሊንደሩ ስታንዳርድ ነው፣ በቀዝቃዛ ጠዋት አልነሳም በማለት ስሙ የታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1959 ወዲህ ባለሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ገባለትና ችግሩ ተቃለለ። ስለዚህ ባለአራቱን ልትገዛ ከሆነ ማየት ያለብህ አንድ ነገር ቢኖር ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ ነው። እኔ እንዳላየው የተደረገውም እሱ ነው።

ከዚያ የትራክተሩን ባትሪ ነቅዬ ሌላ ያላሰብኩትን አገኘሁ። ከባትሪው አጠገብ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ቀዩ ስር ግራጫ አለ። ጎንበስ ብዬ ካምቢዮው ላይ ያለውን ልጣጭ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ደግሞ ከስሩ ወርቃማ የነሐስ ቀለም ወጣ። ደነገጥኩ። ማሲ ፈርጉሰን 35 ከፋብሪካ ሲወጣ ቆርቆሮው ቀይ፣ ሞተርና ካምቢዮው ግራጫ ነው። ቆርቆሮው ግራጫ ሆኖ አካሉ ነሐስማ የነበረው ከሱ በፊት የወጣው ፈርጉሰን ኤፍኢ35 ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1956 እና 1957 ሥራ። ለሰብሳቢ ይሄኛው ይበልጥ ይፈለጋል። ሻጩ ያለውን የማያውቅ መሰለኝና ልቤ መምታት ጀመረ።

ግን የመለያ ቁጥሩን ታርጋ ሳየው አዲስ ነው፣ ማሰሪያው ሚስማርም አዲስ፣ ቁጥሩም ከቀለሙ ታሪክ ጋር አይሄድም። ከሁለት ትራክተር ተገጣጥሞ ይሆናል፣ አንድ ሰው ታርጋ ቀይሮለት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ከዚያ ቆሜ መለየት አልችልም። ኮፋኖው ጠርዝ ላይ ማግኔት ሳስጠጋ ደግሞ በሁለት ቦታ አልያዘም፣ ከቀለሙ ስር ስቱኮ ነው። አዲስ ቀለም በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ብዙ ሰው በፍቅር ነው የሚቀባው። ችግሩ ቀለም ስር ያለውን ማንበብ አለመቻልህ ነው። አመስግኜ ሄድኩ።

ግራጫው የአንድ አዛውንት ነው። "ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሆነው ከቆመ። ይነሳል ብዬ አልዋሽህም" አሉኝ ገና ከበሩ። "አባቴ፣ እንዲያውም እንዳያስነሱት ነው የምፈልገው" አልኳቸው።

የቆመ ሞተር ብዙ ይናገራል። መካኒክ ጓደኛዬን ይዤ ስለሄድኩ ካንዴላዎቹን ነቅለን በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግንና ጥቂት ጠብቀን በእጅ ማስነሻው ብረት ቀስ ብለን አዞርነው። ዞረ! ፒስተኖቹ አልተጣበቁም ማለት ነው። ካንዴላዎቹን መልሰን ስናዞር ብረቱ በሁለት ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ሊከብድህ ይገባል፣ በየሲሊንደሩ አንድ ጊዜ። ሦስቴ ጥሩ አድርጎ ከበደ፣ አራተኛው ላይ ላላ። አንድ ቫልቭ ደርቆ ክፍት ቀርቷል አለ ጓደኛዬ። ይሄ የሚያስፈራ አይደለም።

የሚያስፈራው ቀጥሎ መጣ። ብዙ ገዢ የዘይት መለኪያውን ብቻ ስቦ ያያል። ውሃ ግን ከዘይት ይከብዳል፣ ሞተሩ ሲቆም ወርዶ ከስር ይተኛል። ስለዚህ ሽማግሌውን አስፈቅደን ከዘይት ኮፓው ስር ያለውን ቡሎን በጣም ቀስ ብለን አላላነው። ዘይት ከመምጣቱ በፊት ንጹሕ ውሃ ወረደ፣ ግማሽ ሲኒ ያህል። ማንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ ነው እውቀት የሚያስፈልገው። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ተነቃይ ናቸው፣ የማቀዝቀዣው ውሃ በቀጥታ ያቅፋቸዋል፣ ከታች ውሃውን የሚይዙት ስምንት ቁጥር የሚመስሉ ጋስኬቶች ናቸው። እነሱ ሲበሰብሱ ውሃ ወደ ዘይት ይወርዳል፣ ይሄ ሥራ ነው እንጂ ሞት አይደለም። ውሃው በብርድ በረዶ ሆኖ ብሎኩን ሰንጥቆት ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ በተለይ ቲኢ20 ሻሲ ስለሌለው። ሞተሩ ራሱ የፊት አክስሉን ተሸክሞ የትራክተሩ አጥንት ሆኖ ነው የሚያገለግለው። የብሎኩን ጎን በብረት ቡሩሽ ጠርገን በባትሪ መብራት ዙሪያውን አየነው። ስንጥቅ የለም፣ የብየዳ ጠባሳ የለም። ውስጡን ግን ሳይፈታ ማየት አይቻልም።

ሌላውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ አየሁ። ታርጋው የድሮው ነው፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ፊደሎቹም የቤንዚኑ ስታንዳርድ ሞተር እንደሆነ ይናገራሉ፣ ብሎኩም እሱው ነው። ኮፋኖው የራሱ ነው። ከኋላ የሚገጠሙት ክንዶች፣ ፒኖች፣ ሰንሰለቶች፣ ሁሉም አሉ። ሽማግሌው ከጎተራ የእጅ መጽሐፉን እንኳ ዘይት እንደነካው አመጡልኝ። ያኔ ነው የወሰንኩት።

ዋጋውን የተነጋገርነው ብሎኩ ተሰንጥቋል፣ ሃይድሮሊኩም አይሠራም ብለን ነው። የቲኢ20 ሃይድሮሊክ ፓምፕ የሚዞረው ከኋላ ለሚገጠም መሣሪያ ኃይል በሚሰጠው በፒቲኦ ዘንግ ስለሆነ ሞተሩ ሳይነሳ ሊሞከር አይችልም። ያልተሞከረ ነገር እንደተበላሸ ይቆጠራል፣ እሳቸውም ተገቢ ነው አሉ።

ሳላይ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የኋላ ቸርኬዎች። ድሮ ትራክተሩ መሬት እንዲቆነጥጥ ካላመዳሪው ውስጥ ካልሲየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ውሃ ይሞሉ ነበር። በቫልቩ በኩል ጠብ ካለ ቸርኬውን ይበላዋል። በቫልቩ ዙሪያ ነጭ ጨው መሰል ነገር አይቼ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩ። ቤት ደርሼ በመፍቻ ጫፍ ብጫነው ጣቴ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተከፈተ። ጎማ ልታይ ስትሄድ መጀመሪያ ቫልቩ ጋ ጎንበስ በል።

ሞተሩን ስንፈታው ጋስኬቶቹ በእጃችን ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቆራረጡ። ብሎኩ ጤነኛ ነው። የደረቀውን ቫልቭ አላቀቅን፣ ሲሊንደሮቹን በአዲስ ጋስኬት መለስን።

ቲኢ20 የሚነሳው በማርሽ ዘንጉ ነው፣ ኤስ ወደተጻፈበት ቦታ ስትገፋው ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ስለዚህ ማርሽ ውስጥ ሆኖ አይነሳም። ሽማግሌውን ጠርቼ መቀመጫው ላይ አስቀመጥኳቸው። ዘንጉን ሳያዩ ነው ያገኙት፣ እጃቸው ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ክንዶቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ የሃይድሮሊኩን ፒስተን ገና አልፈታሁትም። ቀለም አልቀባውም። ቸርኬ ግን እየፈለግኩ ነው።