ገና የልመና መልስ ነው

በጅማም ከጅማ ውጭም ያላችሁ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ቤታችሁ ይሙላ። የታመመባችሁን እግዚአብሔር ይማርላችሁ። መንገድ ላይ ያላችሁ በሰላም ግቡ።

በዚህ በዓል አንድ ነገር ልላችሁ ፈልጌ ነው። ለምኑ። የሚያስፈልጋችሁን ነገር ስሙን ጠርታችሁ እግዚአብሔርን ለምኑት።

ይህን የምለው ብዙ ክርስቲያን ወዳጆቼ መለመን እየተዉ ስለመጡ ነው። ይጸልያሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ። ሌሊት እንቅልፍ የነሳቸውን ጉዳይ ግን አያነሱም። ለምን ስላቸው አንዱ «እሱ ሁሉን ያውቅ የለ?» ይለኛል። ሌላው «በዚህች ትንሽ ነገር እግዜርን ምን ላስቸግረው» ይላል። ነገሩ ትሕትና ይመስላል። እኔን ግን ያሳዝነኛል። ልጅ ለአባቱ የልቡን መንገር ሲያቆም ደስ አይልም።

ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾምነውን ጾም አስቡት። ጾመ ነቢያት ነው። ነቢያት የጌታን መምጣት እየናፈቁ ጾሙ፣ ለመኑም። ኢሳይያስ «ሰማዮችን ቀድደህ ምነው ብትወርድ!» እያለ ጮኸ። እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል እኮ! እያወቁ ለመኑ። የተገባላቸውን ተስፋ ይዘው ወደ ሰጪው ተመለሱ። ሳያዩት ነው ያለፉት፤ ልመናቸው ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በቤተልሔም በረት የተኛው ሕፃን የዚያ ሁሉ ዘመን ልመና መልስ ነው። እኛም ዛሬ የምንበላውና የምንጠጣው በዚሁ ደስታ ነው።

ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያሳየን አንድ ሽማግሌ ካህን ነው። ዘካርያስ። ሚስቱ ኤልሳቤጥ መካን ናት፤ ሁለቱም አርጅተዋል። ሊያጥን ቤተ መቅደስ ገባ። መልአኩ «ጸሎትህ ተሰምቶልሃልና አትፍራ» አለው። ዘካርያስ ግን ማመን አቃተው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይህን በምን አውቃለሁ አለ። እዚህ ቦታ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። ሰውየው ራሱ ተስፋ የቆረጠበት ልመና እግዚአብሔር ዘንድ አልተረሳም ነበር! ከመካከላችን ስንቱ ነው የድሮ ልመናውን ትቶት፣ «አሁንማ አለፈ» ብሎ የተቀመጠ?

«እሱ ያውቃል» ለምትሉት ደግሞ በርጤሜዎስን ላስታውሳችሁ። በኢያሪኮ መንገድ ዳር የሚለምን ዓይነ ስውር ነው። ሰው ዝም በል እያለው ይጮሃል። ጌታ ቆሞ አስጠራው። ከዚያ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ዓይነ ስውርን ሰው! ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከራሱ አንደበት ሊሰማው ፈልጎ ነው። እሱም «መምህር ሆይ፥ አይ ዘንድ» አለ። አጭር፣ ግልጽ። ንጉሥ ሕዝቅያስም የአሦር ንጉሥ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲደርሰው ይዞት ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። የሕክምና ውጤት በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ከሥራ የመሰናበቻ ደብዳቤ የደረሳችሁ፣ እንደ ሕዝቅያስ ዘርጉት።

«ትንሽ ነገር ነው» የሚለውን በተመለከተ ከዚሁ ከእኛው አካባቢ ልናገር። ሰሞኑን በጅማ ዞን በማናና በጎማ ወረዳዎች ቡናው እንዲደርቅ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ማታ ደመና ከመጣ ገበሬው ላስቲክ ይዞ ይሮጣል። ቡናው ከረጠበ የዓመት ልፋቱ ዋጋ ያጣል፤ የልጆቹ ደብተርም፣ የቤቱ ቆርቆሮም ከዚያው ነው የሚወጣው። ታዲያ ይህን ሰው «ስለ ደመና አትጸልይ» ልበለው? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችንም። ቅዳሴ ላይ «በእንተ ቅድሳት» የሚባለው የልመና ጸሎት ሲባል በደንብ ስሙት። ዝናቡ ወደሚፈለግበት ቦታ እንዲላክ ይለመናል። የወንዞች ውሃ እስከ ልካቸውና እስከ ወሰናቸው እንዲሞላ ይለመናል። የእኛ የጅማው ወንዝ አዌቱም አለበት ማለት ነው። ስለ ምድር ፍሬም ይለመናል። እኛም «ኪርያላይሶን»፣ ጌታ ሆይ ማረን፣ እያልን እንቀበላለን። የወንዝ ልክ በቅዳሴ ከተጠራ የእናንተ የቤት ኪራይ የማይጠራበት ምን ምክንያት አለ? ሐሙስ ገበያ የምትወጣ እናት «ዛሬ ይቅናኝ» ብትል ጸሎት ነው። ፈተና የደረሰበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳያፍር ይለምን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ዱዓ አርጉልኝ» ሲባባሉ ስሰማ ደስ ይለኛል። ጭንቀትን ለብቻ ተሸክሞ ዝም ማለት የጅማ ሰው ባሕል አይደለም።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ፣ እሱንም አልዘለውም። ለምነው ያልተሰጣቸው አሉ። ለልጃቸው ለምነው ልጃቸውን የቀበሩ አሉ። ለእነሱ እምነታችሁ አንሶ ነው የሚል ሰው አልወድም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። መውጊያው አልተነሳለትም፤ መልስ ግን አገኘ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» አለ። «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። እኛ የመጀመሪያውን ዘለን ሁለተኛውን ብቻ እንላለን። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ቃል የልብን ለመደበቅ አልተሰጠንም። መጀመሪያ ልቡን አፍስሶ ነው ራሱን ለአባቱ የሰጠው። የሚለምን ሰው ሐኪም ቤት አይሂድ፣ ሥራ አይፈልግ ማለቴም አይደለም። ሂዱ፤ ስትሄዱም ለምኑ።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በነገር ሁሉ ልመናችሁን ከምስጋና ጋር አስታውቁ ሲል የጻፈው በእስር ላይ ሆኖ ነው። በነገር ሁሉ ነው ያለው።

የእኔን የዘንድሮ ልመናም ልንገራችሁ። ለአገራችን ሰላም፣ መንገደኛ ሳይሰጋ እንዲገባ። ተመርቀው ቤት ለተቀመጡ ልጆቻችን ሥራ። ቡናው እስኪደርቅ ዝናቡ እንዲታገሥልን። አልጋ ላይ ላለች አንዲት እህታችን ምሕረት። የእናንተንም ላኩልኝ፤ የክርስትና ስማችሁን ጨምሩበት፣ አብሬ አነሳችኋለሁ። እናንተም አስቡኝ።

መልካም የገና በዓል!